በፍሬዛ ማሽን የፑሌጃን የውስጥ ቁልፍ ቦይ ማውጣት፦ ቦዩ ለምን ጠበበ፣ ቁልፉስ ለምን ላላ?

ጥያቄው፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ያሉኝ ማሽኖች አንድ ቶርኖ (ሥራው እየዞረ የሚቆረጥበት) እና አንድ በእጅ የሚሠራ አሮጌ ፍሬዛ (መቁረጫው እየዞረ የሚቆርጥበት) ናቸው። ለእህል ወፍጮ በሚያገለግል 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር ላይ የሚገጠም የካስት አይረን ፑሌጃ (ቺንጋ የሚጠመጠምበት መንኮራኩር) አመጡልኝና ቀዳዳውን በቶርኖ 38 ሚሊ ሜትር አድርጌ ከፈትኩት። የእምብርቱ (ዘንጉ የሚገባበት መሐለኛው ክፍል) ርዝመት 80 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ቁልፍ (ፑሌጃውንና የሞተሩን ዘንግ አያይዞ አብረው እንዲዞሩ ለሚያደርገው አራት ማዕዘን ብረት) ቦይ ለማውጣት በ16 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ የቁልፉን ያህል ስፋት ያለው የኤችኤስኤስ (ጠንካራ የመሣሪያ ብረት) መቁረጫ አስሬ፣ ስፒንድሉን (መቁረጫ የሚታሰርበትን የማሽኑን ተሽከርካሪ ዘንግ) በፍሬኑ ይዤ፣ በእጅ እጀታው ወደ ታች እየገፋሁ ፋቅሁት። መቁረጫው ግድግዳውን ሲነካ ዜሮ ይዤ 3.3 ሚሊ ሜትር ገባሁ። ፑሌጃው ግን አልገባ አለ። ስለዚህ ቁልፉን ከላይ በሞረድ ቀንሼ በመዶሻ አስገባሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መንቀጥቀጥና መንኳኳት ጀመረ። የድሬዳዋ ሙቀት ብረቱን አስፍቶት ይሆን? ወይስ ከመጀመሪያው በኤንድሚል መሥራት ነበረብኝ? ፍሬዛ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይስ ሌላ ማሽን ልግዛ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ ሙቀቱን ከምክንያቶቹ ዝርዝር እናውጣው። ካስት አይረንም ሆነ ተራ ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት የሚሰፋው ከ0.010 እስከ 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ሁለት እጅ ብዙም አይበልጥም። ከዚህም በላይ ዘንጉ፣ ቁልፉና ፑሌጃው በአንድነት ስለሚሞቁ በአንድነት ይሰፋሉ። በድሬዳዋ ሙቀት የሚሳበቡ ብዙ የመገጣጠም ስሕተቶች አይቻለሁ፤ ይህን በሚያህል ሥራ ላይ ግን ጥፋተኛው ሙቀት ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ የለም።

ኤንድሚልም መፍትሔ አይሆንም። ኤንድሚል የሚቆርጠው በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ነው። ቀዳዳውን ቀጥ አድርገን አቁመን 10 ሚሊ ሜትር ኤንድሚል በግድግዳው ላይ ወደ ታች ብንሰድደው የሚተወው ቦይ መሠረቱ ግማሽ ክብ ነው፤ አራት ማዕዘን የሆነው ቁልፍ ማዕዘኖቹን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝም። ማዕዘኑን ለማሳነስ 3 ሚሊ ሜትር ኤንድሚል ብንጠቀም እንኳ 1.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ማዕዘን ይቀራል፤ ደግሞም ይህን ያህል ቀጭን መቁረጫ 80 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሳይታጠፍ ወይም ሳይሰበር አይደርስም። በዘንግ ላይ ለሚወጣው የውጭ ቦይ ኤንድሚል ትክክለኛው መሣሪያ ነው። የውስጥ ቦይ ግን የሚወጣው በማሽከርከር ሳይሆን በመፋቅ ነው፤ በዚህ በኩል የመረጡት መንገድ ትክክል ነበር።

ጥፋቱ ያለው በልኬቱና በአያያዙ ላይ ነው። በጀርመኑ ዲአይኤን 6885 ደረጃ መሠረት ከ30 በላይ እስከ 38 ሚሊ ሜትር ለሆነ ዘንግ የሚመደበው ቁልፍ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቦዩ ጥልቀት በዘንጉ ላይ 5.0፣ በፑሌጃው ውስጥ ደግሞ 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 3.3 የሚለውን ቁጥር በትክክል ይዘውታል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚለካው ከየት ነው? የሚለካው የቀዳዳው ክብ ጫፍ ከሚደርስበት፣ ማለትም ከማዕከሉ 19 ሚሊ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ነጥብ ነው። መቁረጫዎ ግን ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው ደግሞ ጎድጓዳ ነው። ቀጥ ያለ ፊት ወደ ጎድጓዳ ግድግዳ ሲጠጋ በመጀመሪያ የሚነኩት ሁለቱ ማዕዘኖቹ ናቸው፤ መሐሉ ገና አየር ላይ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ በ38 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በማዕዘኖቹ ሲነካ ፊቱ ከማዕከሉ 18.33 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ያለው። ከክቡ ጫፍ 0.67 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። እርስዎ ዜሮ የያዙት እዚያ ላይ ስለሆነ 3.3 ሲገቡ እውነተኛው የቦይ ጥልቀት 2.63 ብቻ ሆነ።

ቁልፉ ከዘንጉ በላይ 3 ሚሊ ሜትር ይወጣል። 3.3 ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከላይ ይተርፈዋል፤ 2.63 ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ግን 0.37 ሚሊ ሜትር ይተርፍና አልገባም ይላል። ፑሌጃው አልገባ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስሕተት ከብዙ ጥሩ ባለሙያዎች እጅ አይቻለሁ፤ ቀዳዳው እየሰፋ ቁልፉም እየሰፋ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ስለማይጠፋ በልምድ ብቻ ሊታረም አይችልም፤ ማስላት ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቀዳዳውን ራዲየስ በራሱ አባዙ፣ ከእሱ የመቁረጫውን ግማሽ ስፋት በራሱ አባዝታችሁ ቀንሱ፣ የቀረውን ካሬ ሥር አውጡና ከራዲየሱ ላይ ቀንሱት። የሚገኘው ቁጥር በደረጃው ጥልቀት ላይ የሚጨመር ነው።

ቀጥሎ የተደረገው የባሰ ነው። ትይዩ ጎን ያለው ቁልፍ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ እንጂ በጀርባው አይደለም። ጀርባውን ቀንሰው በመዶሻ ሲያስገቡት ቁልፉ ሽብልቅ ሆኖ ፑሌጃውን ወደ አንድ ወገን ገፋው፤ ፑሌጃው ከዘንጉ ማዕከል ወጣ፤ መንቀጥቀጡ ከዚህ መጣ። በጎኖቹ በኩል ደግሞ በፍሬን ብቻ የተያዘው ስፒንድል በየምቱ በትንሹ እየዞረ ቦዩን ከልኩ በላይ እንዳሰፋው እገምታለሁ። 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በደቂቃ 1450 ዙር ሲዞር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይል 49 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በ19 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ላይ ይህ በቁልፉ ጎን 2600 ኒውተን፣ በሰዎች አነጋገር 260 ኪሎ ያህል ግፊት ይሆናል። ሞተሩ በቀጥታ ሲነሣ ደግሞ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ጎኖቹ ተስማምተው ለተቀመጡለት ቁልፍ ይህ ቀላል ጭነት ነው። በጎኑ ክፍተት ላለው ቁልፍ ግን ጭነት መሆኑ ቀርቶ ምት ይሆናል፤ ወፍጮው በተነሣ ቁጥር መዶሻ ያርፍበታል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሊሞላው እስኪቃረብ መቆየቱ ራሱ ካስት አይረኑ ጥሩ እንደነበረ ያሳያል።

እንግዲህ ፍሬዛ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ ለሚለው፦ ይሆናል፣ ግን ገደብ አለው። ፍሬዛ የሚሰጠን ትልቁ ነገር ቦታ የመያዝ ትክክለኛነት ነው፤ ጠረጴዛውን በመቶኛ ሚሊ ሜትር እየቆጠርን በሁለት አቅጣጫ ማንቀሳቀስ እንችላለን። የማይሰጠን ደግሞ የመፋቅ ጉልበት ነው። ኩዊል የሚባለው፣ ስፒንድሉን በውስጡ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው እጅጌ፣ የተሠራው ለመብሳት ነው። የጎን ግፊትን ብዙም አይወድም፤ ወደ ታች በወጣ ቁጥር ደግሞ እየላላ ይሄዳል። ስፒንድሉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎችም ቆመው እያለ ተደጋጋሚ ምት ሲያርፍባቸው ኳሶቹ መንገዳቸውን ይጎደጉዱታል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬዛው በመደበኛ ሥራው ላይ የማይጠፋ ድምፅ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ መቁረጫውን የያዘው ዘንግ በስፒንድሉ ሳይሆን በኩዊሉ ላይ ይታሰር የሚል ነው። የኩዊሉን አፍንጫ ዙሪያውን የሚይዝ፣ በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀና በሁለት ብሎን የሚጠብቅ ወፍራም የብረት ማቀፊያ በቶርኖዎና በፍሬዛዎ በግማሽ ቀን ይሠራል። ዘንጉ በዚህ ማቀፊያ ሲያዝ የመዞሩ ጉዳይ ያከትማል፤ ኩሽኔታዎቹም ከምቱ ነጻ ይሆናሉ። የስፒንድል ፍሬን ወይም ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ይበቃል የሚለውን አትመኑ፤ ማርሾቹ መሐል ያለው ክፍተት ብቻውን ቦዩን ያበላሻል።

ሁለተኛው የዘንጉ ውፍረት ነው። የአንድ ክብ ዘንግ ያለመታጠፍ አቅም በውፍረቱ አራተኛ ብዜት ይጨምራል፤ ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከእርስዎ 16 ሚሊ ሜትር ዘንግ ስድስት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። በቁጥር ለማየት ያህል፣ 100 ሚሊ ሜትር ወጥቶ በተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍ ላይ 300 ኒውተን የጎን ግፊት ቢያርፍ የ16ቱ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የ25ቱ 0.025 ሚሊ ሜትር ይታጠፋል። በ38 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ፣ ከፊቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የወጣ መቁረጫ ይዞ በምቾት ይገባል፤ 16ቱን የሚያስገድድ ምንም ምክንያት አልነበረም። ከማቀፊያው በታች 100 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣቱ ግን ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም 80ውን እምብርት አልፎ መቁረጫው በታች በኩል መውጣት አለበት። በተለመዱት ቱሬት (ጭንቅላታቸው የሚዞር) ፍሬዛዎች የኩዊሉ ጉዞ 127 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከላይ 10፣ ከታች 10 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሰጥተው መሥራት ይችላሉ።

ሦስተኛው የመቁረጫው ስፋት ነው፤ የቦዩን ሙሉ ስፋት በአንድ ጊዜ ለመፋቅ አትሞክሩ። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ በ0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካስት አይረን ሲፍቅ ወደ 1000 ኒውተን የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል፤ በብረት ላይ እጥፉን ሊደርስ ይችላል። 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ 600 ኒውተን ይወርዳል፤ ይህን የኩዊሉ እጀታ ያለ ጭንቀት ይሰጣል። ስለዚህ መቁረጫውን 6 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሳሉት፣ መሐሉን እስከ ሙሉ ጥልቀት ይውረዱ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል አንቀሳቅሰው ያስፉት። ሲስሉት የፊቱ ሽሽት (ከሚፋቀው ግድግዳ ገለል እንዲል የሚሰጠው ማጋደል) ከ5 እስከ 6 ዲግሪ፣ የሁለቱ ጎኖቹ ሽሽት እያንዳንዱ 2 ዲግሪ ያህል ይሁን፤ ጎኖቹ ወደ ኋላም ወደ ላይም መሸሽ አለባቸው፣ አለዚያ መቁረጫው በራሱ ቦይ ውስጥ ይጣበቃል። የሚቆርጠው ፊት ወደ ታች የሚያየው ነው፤ ለካስት አይረን ጠፍጣፋ ይተዉት፣ ለብረት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይስጡት። ሁለቱን ማዕዘኖች በድንጋይ በትንሹ ያለዝቧቸው። ደረጃው ለዚህ ቁልፍ በቦዩ ሥር ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይጠይቃል፤ ይህም ለጌጥ አይደለም፣ በካስት አይረን እምብርት ውስጥ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

አሁን ወደ ማዘጋጀቱ እንለፍ። ፑሌጃውን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እኩል ከፍታ ባላቸው ብረቶች አንሥተው ያስቀምጡት፤ መቁረጫው በታች በኩል የሚወጣበት ቦታ ከሌለ ጠረጴዛውን ይወጋዋል። ማሰሪያዎቹ በእምብርቱ ላይ ይረፉ፤ በቀጭኑ ጠርዝ ወይም በክንዶቹ መሐል ከተጫኑ ካስት አይረኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀጥሎ የኩዊሉን ጉዞ ቀጥተኛነት ይመርምሩ፦ ስኳድራ ጠረጴዛው ላይ አቁመው፣ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በኩዊሉ ላይ አስረው፣ ኩዊሉን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ መርፌውን ይመልከቱ። የአሮጌ ፍሬዛ ጭንቅላት ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል በ80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 0.35 ሚሊ ሜትር የጥልቀት ልዩነት ያመጣል። የእርስዎ ቦይ በአንድ ጫፍ ጠልቆ በሌላው ጫፍ ከቀለለ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው ኩዊሉ ወደ ታች ሲወጣ መላላቱ ነው። ከዚህ በኋላ ቀዳዳውን በዳያል ኢንዲኬተር ከስፒንድሉ ማዕከል ጋር በ0.02 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያስማሙና ሁለቱንም የጠረጴዛ መቁጠሪያዎች ዜሮ ያድርጉ። የማትፈልጉትን አቅጣጫ ቆልፉት።

መቁረጫው በቀዳዳው ማዕከል መስመር ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ጎድጓዳው ግድግዳ ራሱ ይረዳናል። በመጀመሪያ የመቁረጫው ፊት ከጠረጴዛው ጉዞ ጋር ትይዩ መሆኑን፣ ኢንዲኬተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በፊቱ ላይ በማስኬድ ያረጋግጡ። ከዚያ ግድግዳውን ቀለም ቀብተው መቁረጫውን በጥንቃቄ ያስጠጉና አንድ ጊዜ ቀለል አድርገው ይፋቁ። በማዕከሉ ላይ ከሆነ ሁለት ቀጫጭን እኩል ጭረቶች ያያሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጫረ ወይም አንደኛው ከሌላው ከወፈረ ጠረጴዛውን ወደ ጫረው ወገን በትንሹ እያንቀሳቀሱ ያርሙት። ይህ ምርመራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ሁለቱ ጭረቶች እኩል ሲሆኑ የጥልቀቱን መቁጠሪያ ዜሮ ይያዙ። ለ6 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በ38 ቀዳዳ የሚጨመረው 0.24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚገቡት 3.54 ሚሊ ሜትር ነው።

በእያንዳንዱ ምት 0.05 ሚሊ ሜትር ይግቡ፤ ለብረት 0.03 ይበቃል። ኩዊሉ ሲመለስ መቁረጫው ግድግዳውን እየፋቀ እንዳይወጣ ጠረጴዛውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መልሰው ያውጡት፤ ከዚያ የጠረጴዛው ብሎን ያለው ክፍተት እንዳያሳስትዎ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እየመጡ ወደ ቁጥሩ ይድረሱ። በየአሥር ምቱ ጥልቀት ሳይጨምሩ አንድ ሁለት ጊዜ ይፋቁ፤ የታጠፈው ዘንግ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚቀረውን ያወጣዋል። መሐሉ 70 ያህል ምት፣ ሁለቱ ጎኖች በ0.1 እየገቡ እያንዳንዳቸው 20 ያህል ምት ይወስዳሉ፤ ባዶዎቹን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ምቱን ያወፍራል፣ ያን ጊዜ ማዕዘኑ ይሰበራል። ካስት አይረን በደረቁ ይፋቃል፤ ዘይት አያስፈልገውም። የሚወጣው ዱቄት ግን ከማሽኑ የመንሸራተቻ ዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ስለሚበላ መንሸራተቻዎቹን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት፣ በብሩሽ ጥረጉት።

ለማስፋት መቁረጫውን በማይክሮ ሜትር ይለኩ፤ በትክክል 6.00 ከሆነ ወደ እያንዳንዱ ጎን የሚሄዱት 2.00 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያ 1.95 ላይ ይቁሙና ይለኩ፤ የቀረውን ከሁለቱም ጎን እኩል ይውሰዱ። ለመደበኛ መገጣጠም ደረጃው የሚፈቅደው ስፋት ከ9.982 እስከ 10.018 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በካሊፐር ለመፍረድ አስቸጋሪ ስለሆነ የሚገጥመውን ቁልፍ ራሱን፣ ጠርዞቹን አለዝበው፣ መለኪያ ያድርጉት፦ በአውራ ጣት ግፊት ወይም በላስቲክ መዶሻ ቀላል ምት የሚገባ፣ ሲነቀንቁት የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ጥልቀቱን ከተቃራኒው ግድግዳ እስከ ቦዩ ሥር ይለኩ፤ 41.3 እስከ 41.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ በላይኛውም በታችኛውም አፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል። ይህን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የማሽኑን ዋና ማብሪያ ያጥፉ፣ ፊውዙን ያውጡ ወይም ሶኬቱን ይንቀሉ። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ወርክሾፕ መቁረጫው በስፒንድሉ ላይ ታስሮ በቀዳዳው ውስጥ እያለ ሌላ ሠራተኛ ማሽኑን አስነሣው፤ እምብርቱ ለሁለት ተከፈለ፣ የመቁረጫው ስባሪም በፊቴ አጠገብ አልፎ ግድግዳ ውስጥ ተሰካ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶኬቱን በዐይኔ ተነቅሎ ሳላይ በቆመ ስፒንድል ሥር እጄን አስገብቼ አላውቅም።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ላንሣ። ሼፐር ማሽን (መቁረጫውን ወደፊትና ወደኋላ እየመላለሰ የሚፍቅ) ለዚህ ሥራ ከፍሬዛ እጅግ የተሻለ ነው፤ ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰባትና ለረጅም ዘመን የብረት ሥራ መንደር በነበረች ከተማ ውስጥ በቆዩ ወርክሾፖችና በሙያ ማሠልጠኛዎች ዘንድ መጠየቅ ያዋጣል። በእጅዎ ያለው ቶርኖም መናቅ የለበትም፦ ቀዳዳውን ከከፈቱ በኋላ ፑሌጃውን ከማንድሪኖው (ሥራውን ከሚይዘው የቶርኖ ክፍል) ሳያወጡ መቁረጫውን በጎኑ አስረው ካሬጁን (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚንሸራተተውን ክፍል) በእጅ ወደፊትና ወደኋላ በመግፋት ቦዩን መፋቅ ይቻላል፤ ማዕከሉ እንደተጠበቀ ነው፣ ካሬጁም ከኩዊል ይልቅ የጎን ግፊት ይችላል። ችግሩ ማንድሪኖውን በትክክል መቆለፍና ለማስፋት መቁረጫውን በከፍታ ማንሣትና ማውረድ ነው። ቦዩን ሙሉ በሙሉ በሞረድ ማውጣት ለ20 ሚሊ ሜትር እምብርት ይቻላል፤ በ80 ላይ መሐሉ ጎብጦ ጫፎቹ ሰፍተው ይቀራሉ። መውጫ የሌለው፣ በአንድ በኩል የተዘጋ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ መቁረጫው የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቀለበት ወይም ቀዳዳ አስቀድሞ በሥሩ ሳይወጣለት አይጀመር። ፑሌጃውን በዘንጉ ላይ መበየድን እንደ አማራጭ አላነሣውም፤ የሞተሩን ዘንግም የፑሌጃውንም ዕድሜ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ነው።

ብሮች የሚባለው፣ ተከታታይ ጥርሶች ያሉት ረጅም መቁረጫ፣ በፕሬስ ተገፍቶ ቦዩን በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን መሪ ቡሽ በ38 ሚሊ ሜትር ራስዎ በቶርኖ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ ብሮቹን በሦስት ወይም አራት ዙር፣ በጀርባው ስስ ቆርቆሮ እየጨመሩ ይገፉታል። ሲገዙ ግን የሚፈቀድለትን የእምብርት ርዝመት ይጠይቁ። ለ40 ሚሊ ሜትር የተሠራ ብሮች 80 ውስጥ ቢገፋ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጉድጓድ በፍቅፋቂ ሞልቶ ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ይሰበራል፣ ሲሰበርም በፕሬስ ኃይል ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። በወር አንድ ሁለት የካስት አይረን ፑሌጃ የሚመጣልዎ ከሆነ ምንም ማሽን አይግዙ፤ ማቀፊያውንና 25 ሚሊ ሜትሩን ዘንግ ሠርተው በፍሬዛዎ ይሥሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ተመሳሳይ ልኬት የሚደጋገም ከሆነ፣ ገንዘብዎን በብሮችና በፕሬስ ላይ ያውሉት እንጂ ፍሬዛውን አያድክሙ። እምብርቱ ብረት ሆኖ ርዝመቱ ከ60 ሚሊ ሜትር ካለፈ በፍሬዛ ኩዊል አይሞክሩት፤ ሼፐር ወዳለው ይላኩት።

የተበላሸውን ፑሌጃ በተመለከተ፣ አሁን ያቁሙትና ያውጡት። እምብርቱን አጥበው ኬሮሲን ያጠጡት፣ ደርቆ እስኪታይ ይጥረጉትና የጠመኔ ዱቄት ይንፉበት፤ ስንጥቅ ካለ ኬሮሲኑ ከውስጥ እየወጣ በነጩ ላይ መስመር ያሳያል። ስንጥቅ ከታየ ለቁርጥራጭ ብረት ይሆናል እንጂ ለወፍጮ አይሆንም። ከሌለ የቦዩን ስፋት ይለኩ። ከ10.02 ካላለፈ ጥልቀቱን ብቻ ወደ 41.3 ያድርሱና አዲስ፣ በሞረድ ያልተነካ ቁልፍ ያስገቡ። ከዚያ በላይ ሰፍቶ ከሆነ በተቃራኒው ወገን አዲስ ቦይ ያውጡ፤ ከአዲሱ ቦይ በላይ የሚቀረው የእምብርት ግድግዳ ከ8 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ይህን አልመክርም፣ አሮጌውን ወደ 12 አስፍተው ታችኛው 10፣ ላይኛው 12 የሆነ ባለደረጃ ቁልፍ መሥራት ይሻላል። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ቦይም ተመትቶ ሊሆን ስለሚችል አዲሱን ቁልፍ በእሱም ይሞክሩት።

ፑሌጃውን ሲመልሱ መዶሻ አያሳርፉበት፤ ምቱ በቀጥታ የሚያርፈው በሞተሩ ኩሽኔታዎች ላይ ነው፣ ባለፈው ጊዜም ሳይነካቸው አልቀረም። በ38 ሚሊ ሜትር የሞተር ዘንግ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤም12 ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ። ረጅም ብሎን፣ ወፍራም ሳህንና ዳዶ ተጠቅመው በዚያ ይሳቡት። ከገባ በኋላ ቺንጋውን ሳያደርጉ ኢንዲኬተር በጠርዙ ላይ አስቀምጠው በእጅ ያዙሩት፤ ከዚያም በስስ መለኪያ ቅጠል በቁልፉ ጀርባ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖሩን ይዩ። ክፍተቱ ከሌለ ቦዩ አሁንም ጥልቀት ይጎድለዋል ማለት ስለሆነ ፑሌጃውን ያውጡትና ወደ ፍሬዛው ይመለሱ፤ ቁልፉን አይንኩት።